የፒዮሪያ ማደያ ውሃ

«ነፍሱን ይማረውና፣ ነዳጅህ ውስጥ ውሃ የሚጨምረው እሱ ነበር» አለ ዳኛቸው፣ ለቅሶው ላይ ወደ ጓደኛው ወደ ዘውዱ ጆሮ ጠጋ ብሎ።

ዘውዱ ከሟቹ ከጋሽ ዘርአይ ፎቶ ጋር ላለመፋጠጥ፣ ለቀስተኛው እየተሸከመ አምጥቶ እስከ መስኮቱ የከመረውን የታሸገ ውሃ ያያል። እዚህም ውሃ!

ፒዮሪያ ስትሪትና ኢስት ኮልፋክስ ማዕዘን ላይ ያለው ጋስ ስቴሽን ባለቤት አይበረክትለትም። መጀመሪያ የያዘው ኮሪያዊ፣ ዳኛቸው እንደሚምለው፣ ከመሬት ሥር በተቀበረው የነዳጅ ታንከር ውስጥ ዘንዶ ይቀልብ ነበር። ተከታዩን ፓኪስታናዊ ዘንዶው ከከተማው ማዶ እስከ ሌክውድ አባረረው። ጋሽ ዘርአይ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ከረሙበት። ዘንዶውን አርደው ሳይበሉት አልቀሩም። ካቻምና ለዘውዱ ሸጡለት።

ሸጡ ይባል እንጂ አልለቀቁም። ዘንድሮ ጁን ላይ፣ ዘንቦ ባደረ አንድ ማለዳ ዘውዱ ሲደርስ፣ ሽማግሌው የታንከሩን ክዳን ከፍተው ምርኩዛቸውን ወደ ውስጥ ሰደዋል። ምርኩዙ ቁጥር የተጻፈበት የነዳጅ መለኪያ በትር ነው።

«ጋሽ ዘርአይ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልማድ ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ባልዲያቸውን ከኋላቸው እየደበቁ።

በዚያው ሳምንት የደንበኛ መኪና ቆመ፤ መካኒኩ «ውሃ» አለ። ዘውዱ ነገሩን ገጣጥሞ የክዳኑን ቁልፍ ቀየረ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ከማደያው ፊት ለፊት ባለው የዐሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየተቀመጡ፣ አውቶቡሱን ሳይሳፈሩ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ሰማዩም ሁለት ወር ጠብታ ሳይጥል፣ እሳቸው ሞቱ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጠዋት ዝናቡ ወረደ። ከሰዓት በኋላ የማደያው ካሸር ሄራን ደወለች።

«ዘውዱ፣ ሦስት መኪና አልነሳ ብሏል። ጋዙ ውስጥ ውሃ ገብቷል።»

«ክዳኑስ?»

«እንደተቆለፈ ነው።»

ከዳኛቸው ጆሮ ምንም አያመልጥም። «ከመቃብርም አልተወህም?»

ዘውዱ አፈር ያለበሳቸው በገዛ እጁ ነው። በሽማግሌው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ዞሮ ራሱን ያዘው።

«ዘነበ አይደል?» አሉ የሟቹ ባለቤት እትዬ ለተስላሴ፣ ከፍራሹ ላይ። «ዛሬ ቢኖር ቤት አይቀመጥም ነበር። ዝናብ ክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀምና ወደ ታንከሩ ይሰርጋል። ሲሸጥልህ ደበቀህ፤ በኋላ አፈረ። ሳይሰርግ በባልዲ ሊቀዳው ይሮጥ ነበር።»

«ምነው ቢነግሩኝ?»

«አንተስ ቁልፉን ስትቀይር ነገርከው?»

ዘውዱ ስልኩን አነሳ። «ሄራን፣ ፓምፖቹን በሙሉ ዝጊ። መጣሁ።»

በሩ አጠገብ ምርኩዙ ቆሟል፤ ከላዩ ግድግዳው ላይ የጋሽ ዘርአይ ካፖርት ተንጠልጥሏል። ምርኩዙን ያዘ። ከክዳኑ ሁለት አዲስ ቁልፎች አንዱን ከቁልፍ መያዣው ፈትቶ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው። እዚያ ከነበረው ከአሮጌው ቁልፍ ጋር ሲነካካ ቅጭል አለ።