የፍልሰታው በግ

«ሰይጣን ጾም አይወድም አላልኳችሁም?» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ገረሱ በጾም ደኅና ነበር። ፍስክ ሲገባ ነው የሚይዘው።»

የሺመቤት ሰማች። ባሏን ገረሱን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጠጉሯን ተላጭታ፣ የእንጦጦ ዝናብ በሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ እያዳመጠች ከአማቷ ጎን መሬት ተቀምጣለች። ለቅሶው ፋታ ስላልሰጣት ነገሩን አስባው አታውቅም። አሁን ግን ጾሙንና ፍስኩን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

ገረሱ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የጽድ እንጨት የሚጠርብ ቀልደኛ ሰው ነበር። «ከሚስቴ ይልቅ መጥረቢያዬ ትሰማኛለች» እያለ ያበሽቃት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ቀጥሎ አእምሮው ሄደ። እጁን ዘርጋ ሲሉት መዳፉ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ትንፋሹ የሻገተ ማር ይሸታል፤ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ይጣላል። ዱቤ የሚባል ዋግምት አድራጊ ደሙን በቀንድ ስቦ አየው፣ አሸተተው። «ክፉው እዚህ ውስጥ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ደሙ አይነግረኝም» አለ። አላውቅም ያለ እሱ ብቻ ነው። የቀረው አገር ሁሉ አዋቂ ሆኖ ሰይጣን ነው ብሎ ፈረደ።

በሰኔ ጾም ሽሮና ጎመን ሲበላ ሰነበተና አእምሮው ተመለሰ። ጾሙ ሲፈታ እናቱ እመት ሮማነወርቅ ከየካ በግ ላኩ፤ ከሥጋው በልቶ በሳምንቱ አእምሮው እንደገና ጠፋ። ፍልሰታ ገባ፤ ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን «የሺ፣ ክረምቱ ይውጣ እንጂ ይሄን በር አዲስ አደርግልሻለሁ» አላት፤ በደስታ አለቀሰች። ነገር ግን በአጥንቱ ቀርቶ ነበር። የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ኢየሱስ አይተውት አዘኑ። «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ሥጋ ይቅመስ» አሉ።

እመት ሮማነወርቅ በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጭቃ፣ በሰባ ዓመታቸው ሌላ በግ ራሳቸው እየጎተቱ መጡ። የሺመቤት ሥጋውን ቀቀለች። ገረሱ «በቃኝ» ሲል «ለእናትህ ስትል» እያለች አጎረሰችው። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነሽ?» አላት። ከዚያ ተኛ፤ አልነቃም።

ሁለት ጊዜ ጾም፣ ሁለት ጊዜ በግ። ሰይጣን አልነበረም። ሥጋው ነበር፤ ያጎረሰችው ደግሞ እሷ ናት። ጮኻ ልትነሣ ፈለገች።

አጠገቧ እመት ሮማነወርቅ ተኮራምተዋል። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ዛሬም ካልበሉ ልጃቸውን መከተላቸው ነው።

«እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይቅመሱ» አለች የሺመቤት፣ የንፍሮውን ቁና እየሳበች።

«በምን አፌ! በጉን ቀደም አድርጌ ባመጣው ኖሮ ገረሱ ይተርፍልኝ ነበር።» አሮጊቷ እጇን ያዟት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ፣ አትደብቂኝ። ልጄ ርቦት ነው የሞተው?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ደረሰ። ይህን ነገር ዕድሜ ልኳን ብቻዋን መሸከም አስፈራት። ብትናገር አማቷ ይካፈሏት ነበር፤ ግን ከዚህ ቤት በእግራቸው አይወጡም።

«የለም እናቴ። ጠግቦ ነው የሞተው።»

«ጠግቦ?»

«ጠግቦ። እርስዎ ካመጡት በግ በልቶ፣ ጠግቦ።»

«ተመስገን» አሉ እመት ሮማነወርቅ። ፊታቸው ፈታ አለ፤ መዳፋቸውን ለንፍሮው ዘረጉ።

ጥርስ የላቸውም። የሺመቤት የሽምብራውን ገለፈት በጥፍሯ አንድ በአንድ እየላጠች መዳፋቸው ላይ ታስቀምጥላቸው ጀመር።