የጎደለ ጥቅል

“ዛሬ ካልፈረምሽ ሰኞ እንዳትመጪ፤” አለ አቶ ዳኘው፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ።

ናኢማ ከመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ቀና አላለችም። እናቷ ሸሪፋ ግን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። የልጇ አለቃ ቅዳሜ ጠዋት ሹም አቦ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ሲመጣ ለደግ እንዳልሆነ ገና ጫማውን ሲያወልቅ ጠርጥራለች።

ናኢማ በእሱ ድርጅት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች የሚሆኑ የፕሮግራም ጥቅሎችን ታዘጋጃለች። የተቀበለው ሰው ራሱ መልሶ እንዲገነባው፣ ሲበላሽበትም እንዲጠግነው፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ ኮድ ሳይጎድል ጥቅሉ ውስጥ መግባት አለበት። የእሷ ፊርማ “ሁሉም አለ” ማለት ነው። ከዚህኛው፣ ከትምህርት ቤቶች የውጤት መመዝገቢያ ግን፣ ውጤት የሚደምረውን ክፍል ኮድ አቶ ዳኘው አስወጥቶታል።

“ቢሮ ውስጥ ሲገነባ አይተሻል፤ ምን ቀረሽ?”

“እዚያማ የድሮው ፋይል ስላለ ነው። ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሞከርሁት፤ ግንባታው መሃል ላይ ቆመ።”

“የዱርቤቴ ከተማ መምህር መልሶ ሊገነባው ነው?” ሳቀ። “ሲበላሽበት ይደውልልን፤ ጠግነን እናስከፍለዋለን። እንጀራችን እኮ እሱ ነው።”

“እንግዲያው በራስዎ ስም ይላኩት። እኔ የሌለውን አለ ብዬ አልፈርምም።”

“ልጄ፣ ፈርሚለት፤” አለች ሸሪፋ። “ሥራ እንደሆን እንደልብ አይገኝም። አባትሽም ለሠራው ጀልባ ገዥ ካጣ ከረመ።”

“እማዬ፣ አባዬ ውሃ የሚያስገባውን ስፌት ሳይደፍን ጀልባ ሸጦ ያውቃል?”

“አያውቅም። ለዚያም ነው እንዲህ ያለነው።”

ለሸሪፋ የሚመጣው ሁሉ ታያት፤ ልጇ ስሟ በከተማው ጠፍቶ፣ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሰረቀች ተብላ ጣቢያ ስትቆም።

“ወይዘሮ ሸሪፋ፣ ይምከሯት እንጂ፤” አለ አቶ ዳኘው። “ለድሃ ልጅ ኩራት ምን ያደርግላታል?”

ሸሪፋ ሻዩን ሳትሰጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ናኢማ፣ ቁርጥሽ ነው?”

“ቁርጤ ነው።”

ሸሪፋ ጎንበስ ብላ የላፕቶፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። ጠቀለለችው፤ ላፕቶፑንም ከልጇ ተቀብላ ቦርሳው ውስጥ ከተተች።

“እስቲ ይነሡልኝ፣ አቶ ዳኘው። ማውሱ ከሥርዎ ሳይሆን አይቀርም።”

ሳይወድ ተነሣ። ማውሱን ከትራሱ ሥር አውጥታ ቦርሳው ውስጥ ጨመረችና ለእሱ አቀበለችው።

“እዚሁ ከፍተው ይረከቡን፤” አለች። “ኋላ ጎደለ እንዳይሉን።”