ሽቅብ የወጣው መስመር

ሚጡ የቤት ስሟ ነው። በምትሠራበት የሥራ ጉዳይ ቢሮ ግን ባልደረቦቿ «ጠንቋይዋ» እያሉ ይቀልዱባታል። ሥራዋ በክልሉ ከዓመታት በኋላ ስንት ግንበኛ፣ ስንት መምህር፣ ስንት ሾፌር እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ሙያ እንደሚያድግና የትኛው እንደሚከስም ማስላት ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ትንበያ ስትሠራ ግራፉ ላይ አንድ መስመር አስደነገጣት። አቅመ ደካሞችንና አዛውንቶችን የሚንከባከቡ ሠራተኞችን የሚያሳየው መስመር ሌሎቹን ሁሉ ጥሎ ሽቅብ ወጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከሀ ጀምራ ደገመችው። ያው ሆነ። አለቃዋ መነጽሩን አውልቆ ሲያየው ቆየና እንደገና አስደገማት። አሁንም ያው።

ቁልቁል ከሚወርዱት መስመሮች አንዱ ደግሞ የማተሚያ ማሽን ኦፕሬተሮች ነበር። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አላስችል ብሏት ነገረችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ጡረታ ወጥቶም ያ ማሽን ሲያትም እንደሚኖር ተናገረና አኮረፈ። ሚጡ ምነው አፌን በቆረጠው አለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ሚስቱ ብትመክረው፣ ጓደኞቹ ቢመጡ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ወጣና የአዛውንት እንክብካቤ ሥልጠና ተመዝግቦ ተመለሰ። ለሚጡ አልነገራትም፤ ከሚስቱ ሰማች። በማሽን ጩኸት መሃል ሲጮህ የኖረ፣ ለደቂቃ መታገሥ የማይሆንለት ሰው ሽማግሌ ሲያጥብና ሲያጎርስ ሊታያት አልቻለም። ሲገናኙ እሱም ስለ ሥራው ወሬ አያነሳም፣ እሷም አትጠይቅም።

ዘንድሮ አዲሱ ትንበያ ሊሠራ ነውና ሚጡ የእንክብካቤ ተቋማትን እየዞረች እንድታይ ተላከች። ጋሼ የሚሠራበትን መጨረሻ ላይ አደረገችው። ኮሪደሩ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከጥጉ ክፍል ድምፁን ሰማችና በር ላይ ቆመች። አላያትም።

አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በጉልምስናቸው ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ከከዳቸው ወዲህ ወደ ዊልቸር የሚሄዱት በሰው እቅፍ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን በጉልበቱ ደገፈ፤ ክንዳቸውን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ።

«አባባ፣ ዛሬ እኔ አላነሳዎትም» አለ ቀስ ብሎ። «የሚነሱት እርስዎ ነዎት። እኔ አለሁ።»

ከዚያ ጠበቀ። የሽማግሌው እግር ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ጋሼ አልገፋም፣ አልሳበም፣ አላጣደፈም። ሽማግሌው ከአልጋው ላይ በጥቂቱ ከፍ አሉ፤ ከዚያ በዝግታ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ከመስኮቱ ደፍ በላይ ደረሰ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ታያቸው።

«ዛፉ አድጓል» አሉ።

«አዎ፣ አድጓል» አለ ጋሼ።

ሚጡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያኔ ነው ጋሼ ዞር ሲል ያያት። አልደነገጠም፣ አላፈረም። «ሚጡ፣ ነይ በዚህ በኩል ያዢልኝ» አላት። ገብታ ብብታቸውን ደገፈች። የሽማግሌው ክብደት ወደ እሷ ዘንበል ሲል፣ አንድ ሰው ራሱን ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እጇ ላይ ተሰማት። ሦስቱም ዛፉን ሲያዩ ቆዩ።

ፈረቃው ሲያልቅ አብረው ወጡ። ከበሩ ውጭ ሚጡ ቀጥ አለች። ጎዳናው የተንከባካቢዎችን ሰማያዊ ዩኒፎርም በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። የሚገቡና የሚወጡ፣ ከማዶው ተቋም የሚጎርፉ፣ ከአውቶቡስ የሚወርዱ፤ ገና ወጣቶች፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትናንት ፋብሪካ ወይም ሱቅ የነበሩ፣ እየተሳሳቁና ቦርሳቸውን እያስተካከሉ ያልፋሉ። ሚጡ ቁጥራቸውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ በየስብሰባው ስትናገረው ኖራለች። እንዲህ የእግር ኮቴ እንዳለው፣ መንገድ እንደሚሞላ ግን አስባው አታውቅም።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አላት ጋሼ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ በጣም ተቀይመኸኝ ነበር?»

የተቀየመው እሷን እንዳልነበር ነገራት፤ ፈርቶ ነበር። በዚያ ዕድሜው ሌላ ሰው መሆን የሚችል አልመሰለውም ነበር። ሽማግሌው እንደቆሙበት እንደ ዛሬው ያለ ቀን በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፣ ሌላው ቀን ወገብ የሚቆርጥ ነው አላት። እሱ ግን ጠዋት ሲነሳ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

«አዲሱ ትንበያስ ምን ይላል? እንበዛለን?»

«ትበዛላችሁ» አለችው። «ከዚህም በላይ።»

ጋሼ በሰው የተጥለቀለቀውን መንገድ እንደ አዲስ ቃኘው። አውቶቡሱ መጣ። ክንዷን ይዞ አስገባት። ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት የማያውቋት ሴት ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ጠጋ ብላ ለሚጡ ቦታ ሰጠቻት።