የጉልላት ጀልባ

የወርቅውሃ ጀርመን አገር፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የዓሣ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ካላማሪ የሚሉትን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ስታጸዳ ስድስት ዓመቷ ነው። ራሱን ትጎትታለች፣ አንጀቱ ተከትሎ ይወጣል፣ ቆዳውን ትገፍፋለች። ቀምሳው ግን አታውቅም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት እንዴት አድርጋ!

ሣጥኖቹን ገና ሲገቡ ትለያቸዋለች። የስኮትላንዱ ክንድ ያህላል፣ የጣልያኑ ደቃቃ ነው። የምትጠብቀው ግን የስፔኑን ነው። በሣጥኑ ጎን የተለጠፈው ወረቀት የተያዘበትን ቀንና የጀልባውን ስም ይናገራል። «ኑቤ ብላንካ» ካለ፣ እዚያ ጀልባ ላይ መረብ የሚጎትተው ታናሽ ወንድሟ ጉልላት ደኅና ነው ማለት ነው።

ከተነጋገሩ ስምንት ወር አለፋቸው። «እታለም፣ እኛ የያዝነውን ነው የምንበላው፣ ካላማሪም ቢሆን» አላት አንድ ቀን በስልክ።

«እንግዲያው ከኔ ማዕድ እንዳትቀርብ!»

ዘጋባት። እሷም፣ ታናሽ እሱ ነው፣ እሱ ይደውል ብላ ቀረች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የስፔን ሣጥን ጠፋ።

«ፍዮሪ፣ ዛሬም የለም?» አለቻት አብራት የምትሠራውን ልጅ።

«የለም፣ እማማ። ማዕበል ስለሆነ ጀልባዎቹ አልወጡም ይላል ሼፉ።»

«ወጥተው ቢሆንስ?»

ፍዮሪ ቢላ ዘረጋችላት። «እማማ ደግሞ! ይልቅ ይቺን ቢላ ይሳሉልኝ» አለቻት።

ማታ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ካለች ክፍሏ ገብታ በአንዲት ሳህን፣ ብቻዋን፣ ግድግዳውን እያየች በላች። አትቅረብ ያለችው ማዕድ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ጧት ሣጥኑ መጣ። ኑቤ ብላንካ፤ የተያዘው ሰኞ። ጓንቷን አውልቃ ጣለችና ደወለች።

«እታለም?» ከኋላው ነፋስ ይጮኻል።

«በላህ ወይ?»

«ያለው ካላማሪ ነው እኮ።»

«ብላ ልጄ። ብርድ ነው።»

አንድ ነገር ሊላት ጀመረ፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አልገባ አላት።

ወረቀቱን ከሣጥኑ ላይ በቀስታ ልጣ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ከዚያ ወደ ሣጥኑ በረዶ ተመለሰች። ጓንት ያጠለቀችው ግን በአንድ እጇ ብቻ ነው። ሌላው እጇ፣ ምናልባት ቢደውል፣ ባዶውን፣ ሳይረጥብ፣ ስልኩ አጠገብ ዋለ።