የመሸሻ አውራ ጣት

መሸሻ ሠላሳ ዓመት ጭቃ ረግጧል። ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅበት የሚፈልግ ሰው እሱን ይጠራል። ሌሎቹ አፈርና ጭዱን አደባልቀው በሦስተኛው ቀን ይለስናሉ፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት እንዲቦካ ይተወዋል። ጭዱ በስብሶ ሽታው ጎረቤት ሲደርስ ያን ጊዜ በባዶ እግሩ ይገባበታል።

የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ከሁለት ዓመት በፊት ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ወፍሮ ጠቆረ፤ ጫፉም ይፈረፈር ጀመር። ስለማያመው አልተጨነቀበትም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ካህኑ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ ከመሸሻ አጠገብ የተቀመጠው አምሐ ነበር። የአምሐ ልጅ የመሸሻን ልጅ ሰብሌን አጭቷል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አምሐ ጥፍሩን ልብ ብሎ አየ። ፋሲካ ባለፈ ማክሰኞ መልእክት ላከ፤ «በዳግማይ ትንሣኤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ። ስለ ዘር የምንጠይቀው አለን» የሚል።

መሸሻም ሚስቱ አስካለማርያምም ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ቁምጥና አለበት ከተባለ ቤት ማንም አያገባም። ሰብሌ ብቻ ሳትሆን ከእሷ በታች ያሉት ሁለት እህቶቿም ቆመው መቅረታቸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት መሸሻ ወደ ጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ጥፍሩን ፋቀ፤ ፍርፋሪውን በአጉሊ መነጽር አየ፤ ደጋግሞም አየ፤ ደስ ያለው ይመስላል። አስተርጓሚው ፈጠነ የሚባል ወጣት ነበር።

«ቁምጥና አይደለም ይላል። ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታ የሚወጣው እንጀራ ላይ ነው።»

«እንግዲህ እንጀራው እርስዎ ነዎት።» ፈጠነ ጥቂት ሐኪሙን ሰማ። «ብዙ ሰው የሚይዘው ዓይነትም አይደለም፤ አፈርና የበሰበሰ ጭድ ላይ የሚኖር ነው። ሰው ላይ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ጥፍሩን እያለሰለሱ ሲፍቁት በዓመቱ ይለቃል፤ ጭቃውንም ይተዉ ይላል።»

«እኔ የምፈልገው ለእሑድ ነው። ይንቀልልኝ።»

ሐኪሙ አያስፈልግም አለ። መሸሻ ከወንበሩ አልተነሣም። በመጨረሻ ሐኪሙ ነቀለለት፤ ጣቱን በነጭ ፋሻ ጠቀለለለት፤ ወረቀትም ጻፈለት።

መሸሻ ጥፍሩ ከሌለ ነገሩም የለም ብሎ ነበር ያሰበው። በተረከዙ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን መንደሩ ሁሉ ፋሻውን አየ። ዓርብ ላይ የመሸሻ ጣት ወደቀ ተብሎ ይወራ ነበር።

«ጥፍሩ ቢኖር ይሻል ነበር» አለች አስካለማርያም። «ያ እንኳ ጥፍር ነው።»

እሑድ አምሐ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። መሸሻ የሐኪሙን ወረቀት ዘረጋ።

«ጣሊያን መሬቴን ሲወስድም ወረቀት ሰጥቶኛል» አለ አምሐ። «ፋሻውን ይፍቱልን።»

መሸሻ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፈታው። ጣቱ ሙሉ ነው፤ ጥፍሩ የነበረበት ቦታ ግን ቀይ ሥጋ ሆኗል። አንደኛው ሽማግሌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አምሐ ከአጥሩ እሾህ ቆርጦ ተመለሰ። «ደዌው የያዘው ሰው ፍም ቢረግጥ አያውቅም። ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።»

መሸሻ ፊቱን አዞረ። አምሐ ከእግሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ በእሾሁ ትንሿን ጣት ነካ አደረገ።

«ትንሿ» አለ መሸሻ።

አምሐ ተረከዙን ወጋ። መሸሻ ዝም አለ። አምሐ ጠበቅ አድርጎ ደገመው።

«ምነው፣ አይጀምሩም እንዴ?» አለ መሸሻ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አስካለማርያም በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን ጨበጠች።

«ተረከዝ ምን ይናገራል?» አለ ወደ ኋላ ያለው ሽማግሌ። «የኔም ቢሆን የበሬ ቆዳ ነው። ሥጋውን ሞክር።»

አምሐ እሾሁን ቀዩ ሥጋ ላይ አሳረፈ። የመሸሻ እግር ተወርውሮ ደረቱን መታው፤ አምሐም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አቶ አምሐ፣ ሊገድሉኝ ነው የመጡት?»

ሽማግሌው ሳቀ። አምሐ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም። እሾሁን ጣለ፣ ነጠላውን አራገፈ።

«ልጅቷን ጥሩልኝ» አለ። «የሠርግ ጫማዋን ገና አልገዛንም፤ ልኳን ልውሰድ።»

ሰብሌ ወጥታ እግሯን አቀረበች። አምሐ ከነጠላው ጫፍ ክር መዝዞ ከተረከዟ እስከ ጣቷ ለካ። ከዚያ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ፣ አሥሩንም አየና ክሩን በጥርሱ ቆረጠ።