ቋሚው የመለሳት ኳስ

ዳኛዋ ፋናዬ የማይጸድቅ ጎል አጸደቀች። የኮኪት ቡድን በዚያ ጎል በመተማ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ።

ይህን ያወቀችው ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው።

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም። መተማ ሜዳ ላይ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ሴቶች የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ያሸነፈ ጎንደር ሄዶ ይጫወታል፤ የተሸነፈ በመጣበት አይሱዙ ይመለሳል። የኮኪት ልጆች እያለቀሱ አይሱዙው ላይ መውጣት ጀምረዋል። አሠልጣኛቸው ያረጋል ግን አልተሳፈሩም። ሃምሳ ያለፋቸው የትራክተር መካኒክ ናቸው፤ ፋናዬ ፊት ቆመው ይጮሃሉ።

"ኳሷ ደረቷን ነው የመታቻት! ደረቷን! ሪጎሬውን ከየት አመጣሽው?"

"እጇን ነው፣ አያ ያረጋል። አይቻለሁ።"

"አላየሽም! እከሳለሁ!"

"አይከሱም። ዳኛ አየሁ ያለው አይከሰስም።"

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ውሃ ጠጣና ተሳፈር" አለ የመስመር ዳኛው አብዱልሀኪም። የያረጋል እኩያ ነው።

"አንተ ባንዲራህን ጠቅልል! ታዲያ ይቺን የክስ ወረቀት ለምን ይዛችሁ ትዞራላችሁ? ልትራገቡባት ነው?"

ፋናዬ ሳቀች። "ክስ ዳኛ ደንብ ሲስት ነው። እጅ ነው፣ ደረት ነው ብሎ ክስ የለም። ደንብ ከሳትሁ ግን ይክሰሱኝ። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የገባ ጎል ካጸደቅሁ፣ ሪጎሬ መቺዋ ማንም ሳይነካላት ሁለቴ መትታ ያገባችውን ካጸደቅሁ..."

የቅድሙ ሪጎሬ ድንገት ትዝ አላት።

የመተማዋ ስርጉት ፍጹም ቅጣት ምቱን መታች፣ ኳሷ ቋሚው ላይ ነጥራ ተመለሰች፣ ራሷ ስርጉት ደገመቻት፣ ገባች። በረኛዋ ጫፏንም አልነካችም። ፋናዬ ፊሽካዋን ነፍታ ወደ መሃል አመለከተች። ማንም አልጮኸም። የኮኪት ልጆች እንኳን።

ለምን ይጮሃሉ? ቆላ ያደገ ሁሉ ኳስ የጀመረው የሰሊጥ እርሻ ዳር ነው። ጎሉ ሁለት ሙሉ ጆንያ ነው። ጆንያው የመለሳትን መቺው ይደግማታል። መላሽ የመቺ ነው ይባላል። ፋናዬም እንዲህ ስትጫወት ነው ያደገች። ደንቡን የዳኝነት ኮርስ ላይ ተምራዋለች፤ ፈተናውም ላይ ልክ አግኝታዋለች። ዛሬ ግን እግሯ የለመደው ቀደማት።

"ምን ሆንሽ?" አሉ ያረጋል። "ምላስሽን ዋጥሽ?"

የመተማው አሠልጣኝ አንዱአምላክ እየሳቀ መጣ። እሱና ፋናዬ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩ።

"ፈርሚና እንሂድ እንጂ፣ ፋናዬ!"

ክንዱን ይዛ ራቅ አደረገችው። "ስርጉት ቋሚው የመለሳትን ነው የደገመችው?"

"አዎ። መላሽ የመቺ ነው።"

"በደንቡ አይደለም።"

ሳቁ ቀረ። "ማን ጠየቀሽ? ሽማግሌው የሚጮሁት ስለ እጅ ነው።"

"ስለማያውቁ ነው።"

"እንግዲህ አይወቁ! ልጆቹን አታያቸውም? ጎንደር ጎንደር እያሉ ነው። ሰኞ አንድ ክፍል ነው የምንቀመጥ፣ እኔና አንቺ።"

"እንቀመጣለን። ወንበሩ ያው ነው።"

"የዳኝነት ደረጃሽን ያወርዱታል።"

"ያውርዱት። መልሼ እወጣለሁ።"

አይሱዙው ጥሩምባውን ነፋ። ቡድኑ ሜዳውን ለቆ ከወጣ ክስ የለም። ፋናዬ ፊሽካዋን ነፋች። ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ።

"የኮኪት አምበል ትውረድ!"

ረፊቃ ወረደች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሪጎሬው የተነፋው በእሷ ላይ ነው።

"ቲቸር፣ እጄን ነው" አለች ገና ሳትጠየቅ። "ለአሠልጣኝ ደረቴን ነው ያልሁት ፈርቼ ነው።"

ያረጋል ኮፍያቸውን አወለቁ። "አይ አንቺ ልጅ! ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህልሽ?"

"እጅሽን እንደሆነ አውቃለሁ" አለች ፋናዬ። "ሪጎሬው ልክ ነው። ጎሉ ነው ልክ ያልሆነው። ስርጉት ሁለቴ ነው የመታችው። ጎሉን መሻር ነበረብኝ።"

"አሁን ሻሪው!" አሉ ያረጋል።

"ጨዋታው አልቋል፤ በፊሽካ አይመለስም። በክስ ነው። አምበሏ ትጽፋለች፣ ኮሚቴው ያያል። ምናልባት ይደገማል።"

"መልሰው ቢያሸንፉንስ?" አለች ረፊቃ።

"ያኔ ትሸነፋላችሁ።"

ረፊቃ ያረጋልን አየቻቸው። ያረጋል አንዱአምላክን አዩ። አንዱአምላክ መሬት መሬት ያያል።

ፋናዬ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለልጅቱ ሰጠቻት። ሜዳው ላይ ጠረጴዛ የለም። ዞራ ጎንበስ አለችና ጀርባዋን አመቻቸችላት።

"'ዳኛዋ ደንብ ስታለች' ብለሽ ጀምሪ" አለቻት።