ሳይሰካ የቆየው

ጋሽ ከማሉዲን የሦስቱንም ላፕቶፖች ገመድ ከሶኬቱ ሲነቅሉ፣ ሰገነት ሱቁን ሊዘጉ መስሏት ቦርሳዋን አነሳች።

«የት ነው ሲስተር? ባትሪያቸውን ልፈትንልሽ እኮ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማን ያምናል? ቪዲዮ ከፍቼ እተዋቸዋለሁ፤ ምሳሽን በልተሽ ስትመለሺ በሕይወት ያገኘሽውን ትገዣለሽ።»

አፈረችና ተቀመጠች። ነርስ ናት፤ ከቢቸና ሞጣ ድረስ የመጣችው ለማስተርስ ጥናቷ ላፕቶፕ ልትገዛ ነው። ወሩ ሳያልቅ ማስረከብ አለባት፤ አሮጌው ላፕቶፗ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ዓይኗ ያረፈው ጥቁሩ ላይ ነበር፤ የጥናቷን መረጃ ትንተና በደቂቃዎች ይጨርሳል። ብርማው ስክሪኑ በጣት ይሠራል። ግራጫው ወፍራምና ቀርፋፋ ነው።

«ጥቁሩን ብወስደውስ?»

«ይሮጣል። ግን ቶሎ ይደክመዋል፤ ቁርጥ የኔን ልጅ!»

ምሳዋን ትታ እዚያው ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመናኸሪያው በኩል ተኩስ ተከፈተ። ጋሽ ከማሉዲን የቆርቆሮውን በር ስበው እንደዘጉት ጥይት በስቶት ገባና ጭናቸውን መታቸው። ወደቁ። ደሙ እየተፈናጠረ ግድግዳውን ረጨው። መብራቱም ጠፋ። የሰገነት ስልክ ገና መንገድ ላይ ሳለች ባትሪ ጨርሶ ሞቷል፤ የቀረው የሦስቱ ስክሪኖች ብርሃን ብቻ ነው።

የጥቁሩን ገመድ ጎትታ ከቁስሉ በላይ ጠመጠመችው፤ ከጠረጴዛው ላይ የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ አንስታ በቋጠሮው አስገብታ አዞረች። ሰውየው ጮኹ። ቡጢያቸው ፊቷ ላይ አረፈ፤ አፏ በደም ተሞላ።

«ልቀቂኝ! እግሬን ቆረጥሽው!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አልለቅም» አለችና በጉልበቷ ተጭና ደግማ አዞረች። ደሙ ቆመ።

ገመዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ እግሩ ሊሞት ይችላል፤ የታሰረበት ሰዓት መጻፍ አለበት። እሷ ብትመታ እንኳ ሌላ ሰው ያነበዋል። በጨለማው እስክርቢቶ ስላጣች በደማም ጣቷ የጥቁሩን ቁልፎች እየተጫነች «6:40 ታሰረ» ብላ ጻፈች። ውጭ አንድ ሰው «እናቴን!» እያለ ጮኾ በመሃል ዝም አለ። ጥቁሩ ጠፋ። ብርማው ላይ ጻፈችው፤ ብዙ ሳይቆይ እሱም ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ግራጫው ላይ ጻፈች።

«ሲስተር...» አሉ ጋሽ ከማሉዲን ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ «ገመዱ የጥቁሩ ነው። ጎደሎ ዕቃ አልሸጥልሽም።»

«ዝም ይበሉ ጋሼ። ጥቁሩን ትቼዋለሁ።»

ተኩሱ ሲበርድ ጎረቤቶች በሩን ገንጥለው በባጃጅ ጫኗቸው። ሰገነት ግራጫውን እንደተከፈተ ታቅፋ አብራ ገባች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሙ «መቼ ታሰረ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አፏ አብጦ መናገር ስላቃታት ስክሪኑን አዞረችለት። ጊዜው ስምንት ሰዓት ከአምስት ነበር።

እግራቸው ሳይቆረጥ ተረፈ። መንገዱ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት፣ ሰገነት ግራጫውን ገዝታ ወደ ቢቸና ተመለሰች።